ከሚትሱኤ ፀጉር የተሠራው ብሩሽ

ባለቤቴ ሺገዞ እዚህ ዋጂማ ከተማ ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ የእንጨት ሳህን ሲቀባ ኖሯል። ቀለማችን ከዛፍ የሚደማ ነው፤ ብሩሻችን ደግሞ የሴት ፀጉር ነው። ፀጉሩ በእጀታው እንጨት ውስጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስለሚዘልቅ፣ ጫፉ ሲያልቅ እንደ እርሳስ እየተቀረጸ ያገለግላል።

ልጃችን ሚትሱኤ በአሥራ ስምንት ዓመቷ ፀጉሯን ቆርጣ ለአባቷ ሰጠችው። "አባዬ፣ አንተስ መላጣ ነህ፤ ብሩሽህ እንኳ ፀጉር ይኑረው!" ብላ አሳቀችን። በዓመቱ ሳንባዋን ታማ ሞተችብን።

ሺገዞ በዚያ ብሩሽ የመጨረሻውን ቅብ ብቻ ይቀባ ነበር። ሃያ ዓመት ቆጥቦ ቢቀርጸውም፣ ባለፈው መኸር የቀረው የጥፍር ያህል ነበር። በእሱ አንድ ጥቁር የሾርባ ሳህን ቀባና ብሩሹ አለቀ።

ቀለሙ የሚደርቀው በእርጥበት ስለሆነ፣ ሳህኑን ወደ እርጥቡ ሣጥን ላስገባ አነሣሁት። እርጥቡ ቅብ ላይ አንዲት ፀጉር ተኝታለች። በእኛ ሥራ ከዚህ የባሰ ነውር የለም። እንደ ልማዴ በቀርከሃ ስንጥር አነሣኋትና በጨርቅ ጠረግኋት።

"ደረስኩልህ! አርጅተሃል መሰለኝ፣ ፀጉር ወድቆበት አላየህም" አልኩት እየሳቅሁ።

እሱ አልሳቀም።

"የሚትሱኤ እናት፣ እኔ ነኝ ያስተኛኋት" አለኝ። "የመጨረሻዋ ነበረች። ቀለሙ ሲደርቅባት እዚያው ትቆይልናለች ብዬ ነበር።"

ጨርቁን መስኮቱ ሥር ዘርግተን አብረን ፈለግናት። ጨርቁም ቀለሙም ጥቁር ነው፤ አላገኘናትም።