የመጀመሪያው ስልክ

ከተማ የሚባለው ልጅ መልእክት አመላላሽ ነው ቢባል ሞተር ሳይክል የሚነዳ ይመስላል። እሱ ግን ካዛንቺስ አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጦ፣ እርስ በርስ የማይግባቡ ኮምፒውተሮችን የሚያግባባ ፕሮግራመር ነበር። የአንድ ክሊኒክ ላቦራቶሪ ውጤት ሲልክ የእሱ ሶፍትዌር መልእክቱን ይከፍታል፤ ስሙን፣ ውጤቱንና ስልኩን መዝዞ በሞባይል ለታካሚው ይልካል። የቱ የት እንዳለ ለሶፍትዌሩ የምትነግረው «ኤክስፕሬሽን» የሚሏት አጭር መስመር ናት። ከተማ ለስልኩ የጻፋት መስመር ይህን ታዝዝ ነበር፦ ከመልእክቱ ታካሚውን፣ ከታካሚው ስልኮቹን፣ ከስልኮቹ የመጀመሪያውን።

የሞከራት ራሱ በፈጠራቸው ታካሚዎች ነው። ሁሉም አንዳንድ ስልክ ነበራቸው፣ ሁሉም ብቻቸውን የመጡ ነበሩ። እዚህ አገር ደግሞ ማን ብቻውን ይታመማል? ታማሚ ደግፎ የሚያመጣው ሰው አለው። ካርድ የሚያወጣለትም፣ በመስኮቱ «ስልክ?» ሲባል ቀድሞ የራሱን የሚናገረውም ያ ሰው ነው። ከተማ የገዛ እናቱን ካርድ ሲያወጣ የኖረ ልጅ ሆኖ ይህን መርሳቱ ያናድዳል።

ከሕንጻው ሥር ባለችው ጭማቂ ቤት ጦቢያ የምትባል ልጅ ትሠራ ነበር። ከተማ ደንበኛዋ ነው፤ «ኢንጂነር» እያለች ትቀልድበታለች። አንድ ሰሞን ሳል አልለቅ ብሏት ስትዝለፈለፍ፣ ቡልጋሪያ ሰፈር ቤት ያከራዩዋት እትዬ ሀብትነሽ ደግፈው ክሊኒክ ወሰዷት። ካርድ አወጡላት፤ መጀመሪያ የራሳቸውን ስልክ፣ ቀጥለው የእሷን አስመዘገቡ። ውጤቱ የደረሰው እትዬ ሀብትነሽ ስልክ ላይ ነው። ቲቢ ነበር።

እትዬ ሀብትነሽ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ፈሪ ናቸው። ጦቢያ ከሥራ ስትመለስ ግቢው ሁሉ ሰምቶ፣ ብርጭቆዋ ተለይቶ ጠበቃት። «ከክሊኒኩ ነው የተነገረኝ፤ በይ ልጄ፣ ሌላ ቤት ፈልጊ» አሏት። ወሬው ጭማቂ ቤቱም ደረሰና ከሥራ ወጣች። ከክሊኒኩ ሲባል ጦቢያ የምታውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ መዝጋቢዋን የሺሃረግን፣ አብሮ አደጓን። ሌላ ማን ይነግርብኛል ብላ ሄዳ ለክሊኒኩ ከሰሰቻት።

የሺሃረግ አልነገርኩም ብትል፣ ክሊኒኩ ውጤቱ ለማን እንደተላከ ሊያጣራ ከተማን ስብሰባ ጠራው። ከመሄዱ በፊት መልእክቱን ከፍቶ አይቶት ነበር፤ ሁለቱ ስልኮች አንዱ ከሌላው ሥር ተጽፈዋል፣ የቱ የማን እንደሆነም ጎኑ ላይ አለ። ስህተቱ የራሱ መስመር መሆኑ ገባው። ሥራው አዲስ፣ አለቃው ቁጡ ነበርና፣ የሺሃረግ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ሳለ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣

«ሶፍትዌሩ እኮ የተጻፈለትን ነው የሚያነበው። ማለቴ፣ ያው የምዝገባ ስህተት ነው» አለ።

«እኔ ሁለቱንም በትክክል ነው የመዘገብኩት» አለች የሺሃረግ። ከኮምፒውተር አዋቂና ከመስኮት ሠራተኛ ማን እንደሚታመን ግልጽ ነው። ተሰናበተች።

ከተማ ቢሮው ተመልሶ መስመሯን አስተካከለ፤ «የመጀመሪያውን» አጥፍቶ «ባለቤቱ ራሱ ታካሚው የሆነውን» ብሎ ጻፈ። ሻይ ሳይቀዘቅዝ ያለቀ ሥራ ነበር። የአፍ ወለምታ ግን በቅቤ አይታሽም። ከዚያ ወዲህ በጭማቂ ቤቱ በር ማለፍ አቃተው፤ በጓሮ በር ይገባ ጀመር። አለቃው ሲያመሰግነው ያፍራል። ሰው ሲሳል ሲሰማ ያፍራል። እናገራለሁ እያለ ያድራል፣ ሲነጋ ይተወዋል።

በዓመቱ ወሎ ሰፈር አንድ ካፌ ገብቶ ሲቀመጥ፣ «ኢንጂነር! ጠፋህ እኮ!» የሚል ድምፅ ሰማ። ጦቢያ ናት፤ ፊቷ ሞልቷል፣ ትሪ ይዛለች።

«ድኛለሁ፣ መድኃኒቴን ጨርሻለሁ» አለችው። «በሽታውስ በቃ አለፈ፤ የከፋኝ በየሺሃረግ ነው። በቀደም እናቷ ሲሞቱ ለቅሶ እንኳ አልደረስኳትም። እኚያ ሴትዮ እኮ አጉርሰው ነው ያሳደጉኝ።»

ከተማ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ዛሬም ዝም ቢል ማንም የሚያውቅበት አልነበረም።

«የሺሃረግ አይደለችም» አለ። «ውጤቱን ለአከራይሽ የላክሁት እኔ ነኝ። ማለቴ፣ እኔ የጻፍኩት ፕሮግራም ነው። የመጀመሪያውን ስልክ ውሰድ ብዬው፣ የእሳቸውን ወሰደ።»

ጦቢያ ትሪዋን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«እሷ ስትባረር ይሄን ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

አልጮኸችበትም። ብትጮኽበት ይሻለው ነበር። ሽርጧን ፈትታ ለጓደኛዋ ሰጠችና «ተነስ» አለችው።

ታክሲ ያዙ። ስታዲየም ጀርባ ካለ ግቢ ገብተው ጦቢያ አንድ በር አንኳኳች። የሺሃረግ ጥቁር ለብሳ፣ ጥቁር ሻሽ አስራ ከፈተች። ከተማን አላየችውም፤ ያየችው ጓደኛዋን ነው።

«እናቴን ስቀብር የት ነበርሽ?» አለቻት።

ጦቢያ ወደ ከተማ ዞረችና እንዲናገር ጠበቀችው።