ሁለት አውራጆች

"ሰቆጣ ውስጥ ሮክ?" እያለ የሚስቅብኝ ሰው ደሜን ያፈላዋል። አዎ፣ ሰቆጣ ውስጥ ሮክ! ኤሌክትሪክ ጊታሬን ይዤ ብቻዬን ስጮህ ዓመታት አልፈዋል። ሁለተኛዋን ሮከኛ ያገኘኋት ዘግይቼ ነው። ከደሃና የመጣች የመሪጌታ ልጅ ናት፤ በአገሯ ቋንቋ፣ በኽምጣንጋ ትዘፍናለች፤ ስትጮህ ተራራ ማዶ ይሰማል።

"አብረን አንድ ፖፕ ፓንክ እንሥራ" አልኳት። "ፈጣን፣ ጩኸታም፣ ግን ሰው ባንዴ የሚይዘው ዜማ ያለው።" እሺ አለች።

ጣጣው፣ ሁለታችንም በልጅነታችን የሻደይ አውራጅ ነበርን። ነሐሴ ላይ ልጃገረዶች ሻደይ የሚባለውን ሣር ወገባቸው ላይ አስረው ሲጫወቱ አንዷ ታወርዳለች፣ የቀሩት ይቀበላሉ። እኔም እሷም ተቀብለን አናውቅም። ስለዚህ አንድ ስንኝ እኔ በአማርኛ፣ አንድ ስንኝ እሷ በኽምጣንጋ፣ አዝማቹን ደግሞ ሁለታችንም እኩል ልንጮኸው ተስማማን። ኧረ ምኑን ተስማማን! ስንጣላ ነው የከረምነው።

አባቷ ነገሩን ሰሙ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። "ለሻደይ ሕዝብ ፊት ዝፈኚው" አሏት። "ሰው ከተቀበለሽ ምርቃቴ ካንቺ ጋር ይሁን። ካልተቀበለሽ ግን ዘፈን የሚባለውን ትተሽ አገርሽ ትገቢያለሽ።" እሷም ቃሏን ሰጠች። ቃሏን እንደማታጥፍ ስለማውቅ እንደ እብድ ጮህኩባት። ከዚያ ግን ወሰንኩ፤ ይቺ ልጅ ዘፈን አትተውም፣ አበቃ።

የፍልሰታ ጾም ሲገባ ዘፈን ስለማይነካ ልምምዱ ቆመ። ጾሙ እንደተፈታ በቀጥታ መድረክ ወጣን።

ሕዝቡ ጢም ብሏል። አባቷ ጥምጥማቸውን አሳምረው ከፊት ቆመዋል። ጊታሬን ቀጠቀጥኩና የራሴን ስንኝ ጮህኩ። ዝም። እሷም የራሷን ጮኸች። ዝም። አዝማቹን አብረን ለቀቅነው። ወይ ጉድ! ሰው እጁን አጣጥፎ ያየናል። ለካ ሁለታችን ሞልተን ስንጮኸው ለሰው የሚገባበት ቦታ አልተውንለትም። ሁለቱም ካወረዱ ማን ይቀበል? ዓይኗ አባቷ ላይ ቀርቶ ድምፅዋ እየሰለለ ሄደ።

ቀጣዩ ስንኝ የኔ ነበር፤ ከጻፍኳቸው ሁሉ የምወደው። ተውኩት። ጊታሩን ወደ ጀርባዬ አዙሬ፣ እያጨበጨብኩ፣ በተሰባበረው ኽምጣንጋዬ የሷን ስንኝ ተቀበልኳት። ዞር ብላ አየችኝ፤ ገባት። አወረደች፣ ተቀበልኩ። ደግማ ስታወርድ ከፊት ያሉት ባለሻደይ ልጃገረዶች አብረውኝ ተቀበሉ። ከዚያ ከሰሃላ የመጣው፣ ከፃግብጂ የመጣው፣ ሁሉም። የልጃገረዶቹ ከበሮ ሳይቀር በኛ ፍጥነት መሮጥ ጀመረ። እዚያው መድረኩ ላይ አለቀስኩ፤ ምን አፍራለሁ!

ስንወርድ "አባባ፣ ሰሙ?" አለቻቸው።

"ሰማሁ" አሉና መረቋት። ከዚያ ወደ እኔ እየጠቆሙ፣ "ይቺን ተቀባይሽን ግን ኽምጣንጋ አስተምሪያት" አሉ።

ተቀባይ! እኔን! ንዴቴ እስከ ዛሬ አልበረደም። ዛሬ ጠዋት ልምምድ ላይ ግን፣ እሷ ስታወርድ ተቀበልኳት።