የረቡዕ ማታው የአሳ ሾርባ

የባሌ እህት ከጅዳ ተመልሳ አስመራ፣ ጎዳይፍ ሰፈር ባለችው ጠባብ ቤታችን አብራን መኖር ከጀመረች ብዙ አልሆናትም። ክፉ ቃል ወጥቷት አያውቅም። ይበልጥ ያስጠረጠረኝም ይኸው ነው። ሰው እንዲህ በባዶ ሜዳ ደግ ይሆናል እንዴ?

የኤርትራ ነፃነት በመጣ ማግስት ነው። እኔ የጎንደር ልጅ ነኝ፤ አስመራ የመጣሁት በትዳር ነው። በአማርኛ የማወጋቸው ጎረቤቶቼ ፍራሻቸውን እየጠቀለሉ ሄደው አልቀዋል። እኔ ባሌ የአገሩ ልጅ ነው ብዬ ቀረሁ። ግን ልቤ አላረፈም። እሷ በመጣች ሰሞን፣ ቁም ሳጥኑ ላይ የኖረው ሻንጣዬ ወርዶ፣ አቧራው ተጠርጎ፣ አልጋው ሥር አገኘሁት። ደግሞ አንድ ቀን "ወላጆችሽ ደህና ናቸው? ቤታቸው ሰፊ ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። የወላጆቼ ቤት ቢሰፋ ቢጠብ እሷን ምን አገባት? በቃ፣ ከትዳሬ ልታስወጣኝ ነው የመጣችው አልኩ።

ያን ረቡዕ ወደ ማታ ከሱቅ ስመለስ ወንድምና እህት ማድ ቤት ይንሾካሾካሉ። "ትኺድ" የሚል ቃል ጆሮዬ ገባ። ትሂድ ማለት ነው፤ ለዚህ ለዚህ ትግርኛዬ ይበቃኛል። በሩን ስከፍት ጸጥ አሉ።

"ሓፍተይ፣ ዛሬ አንቺ እረፊ" አለችኝ፣ እህቷ መሆኔ ነው፣ ፊቷ በፈገግታ ተሞልቶ። "የታይላንድ ሾርባ ልሥራላችሁ። ወዲያው ነው የሚደርሰው።"

ጅዳ የሰው ቤት ስትሠራ አብራት የነበረች የታይላንድ ወጥ ቤት ናት አሉ ያስተማረቻት። ይሁና! ግን ማረፍ የለም፤ በሩ ላይ ቆሜ ዓይኔን ከእጇ ሳልነቅል ጠበቅኳት። ፎርኔሎው ላይ ውሃ ጣደች። ዝንጅብል ከተፈች፣ ቃሪያ ሰነጠቀች። ከጎረቤት ግቢ ነቅላ ያመጣችውን ጠጅ ሳር በቢላዋ ጀርባ ቀጥቅጣ ጨመረች። ኧረ በስመ አብ! ጠጅ ሳር በሻሂ አውቃለሁ፤ ከአሳ ጋር ምን አገናኘው? እንደ ከብት ሳር ልታበላን ነው? ቀጥላ የምጽዋውን አሳ ጣል ጣል አደረገችበት። ቆንጠር አድርጋ ስኳር ስትበትንበትማ ይቺ ሴት አንድ ነገር አስባለች አልኩ።

መጨረሻ ላይ ከሻንጣዋ አንድ ቆርቆሮ አወጣች። ላዩ ላይ የተጻፈው ዓረብኛ ነው፤ አይነበብልኝም። ከፈተችና ነጭ ነገር አፈሰሰችበት። ሾርባው ወተት መሰለ።

ረቡዕ ነው እኮ! አሳውን እሺ፣ እዚህ አገር በጾም ይበላል፤ ለምጄዋለሁ። ወተት ግን?

ማዕድ ቀረበ። ሳህኔን ገፋ አደረግኩት። ባሌ "ምን ሆነሻል?" ሲለኝ የታፈነው ሁሉ ገነፈለ።

"ካልፈለጋችሁኝ ፊት ለፊት ንገሩኝ! ጾሜን ማስገደፍ ምን ይሉታል? ደግሞ ትኺድ ስትዪ ሰምቼሻለሁ። ምን በድዬሽ ነው ከቤቴ የምታስወጪኝ?"

አልተቆጣችም። በማንኪያዋ ከኔው ሳህን ጨልፋ ፉት አለች።

"ወተት አይደለም፤ ኮኮናት የሚሉት ፍሬ ጭማቂ ነው። እኔም እኮ ጾመኛ ነኝ። ያቺ ታይላንዳዊትም በጾሜ እንዳልራብ ብላ ነው የሠራችልኝ።" ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞረች። "ትኺድ ያልኩት ግን እኔ አይደለሁም። ንገራ።"

ንገራት ማለቷ ነው። በሹክሹክታ የወንድና የሴት ድምፅ እንደማይለይ ያኔ ነው የገባኝ።

ወደ ባሌ ዞርኩ።

"ሻንጣዬን አንተ ነህ ያወረድከው?" አልኩት።

"ጊዜው እስኪረጋጋ ብዬ ነው" አለ። "ሰዉ ያወራል። ለአንቺው አስቤ ነው።"

"የወላጆቿ ቤት ሰፊ ነው፣ ምንም አትሆንም አለኝ" አለች እህቱ። "ለዚህ ነው የጠየቅኩሽ። እኔ በሰው አገር መኖር ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ። እሷ ከወጣች እኔም እወጣለሁ ብዬዋለሁ።"

ሌላውን ሁሉ ጠርጥሬ አንድ ያልጠረጠርኩት ሰው እሱ ነበር። ለእሱ ብዬ ነው ከጎረቤቶቼ ጋር ያልሄድኩት። ሳህኔን ሳብኩና ሎሚ ጨምቄበት መጠጣት ጀመርኩ። ይኮመጥጣል፣ ያቃጥላል፣ ጣፈጥ ይላል። ዕንባዬ ሲፈስ ቃሪያው ነው አልኩ። እሷም እወ፣ ቃሪያው ነው ብላ ደግማ ጨለፈችልኝ።

ጥቂት ቆይቶ ባሌ "ሎሚ አቀብሉኝ" አለ። ሎሚው በእኔና በእሷ መካከል ነበር። ማናችንም አላቀበልነውም።