የአዴ ጫልቱ ምስክርነት

ባለፈው እሑድ ቡራዩ እቤቴ ምሳ ላይ የእህቴ ልጅ ስለ ሞት አስተማረኝ። ቴሌቪዥኑ ስለ አንድ የውጭ አገር ሕግ ያወራል፤ መዳን የማይችል በሽተኛ ራሱ ከጠየቀ ሐኪም እንዲሞት ሊረዳው ይችላል የሚል ሕግ። ልጁ የቅቅሉን አጥንት እየጋጠ፣ «አክስቴ፣ ይኼ እኮ አያከራክርም» አለኝ። «አንድ መርፌ ነው። ሰውየው ያርፋል፣ ቤተሰቡም ያርፋል። ምን ያካብዱታል?» ሚስቱ እጇን ከገበታው ሰብስባ ተቆጣች። «ነፍስ የሰጠ እያለ ሐኪም ማን ሆኖ ነው? ይኼ ነፍሰ ገዳይ ነው፤ መታሰር ነው ያለበት!» ከዚያ ሁለቱም ፍረጂን በሚል ዓይን ወደ እኔ ዞሩ። ተነሥቼ ጓዳ ገባሁ።

ሃምሳን ከተጠጋሁ ወዲህ ቶሎ እናደዳለሁ፤ ልጆቹም ለምደውኛል። የዚያን ዕለት ንዴቴ ግን በእነሱ አልነበረም። የሁለቱንም ንግግር ገና ጀማሪ ሐኪም ሳለሁ ሱሉልታ ላይ ሰምቼዋለሁ። ያኔ የተናገሩኝ ሰዎች ግን አፋቸው ውስጥ ምግብ አልነበረም።

ተወልጄ ያደግሁት ሰበታ ነው። ለሰበታ ልጅ ሱሉልታ ሌላ አገር ናት። ከአዲስ አበባ፣ አዲሱ ገበያ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ዳገቱን ጨርሶ ወደ ሜዳው ሲወርድ በመስኮቱ የገባው ብርድ እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል። የተመደብኩበት ጤና ጣቢያ ከአስፋልቱ ገባ ያለ፣ በክረምት ጭቃው ቡትስ የሚያስወልቅ ግቢ ነበር። ነርሶችና አንድ ኃላፊ ነበሩ፤ ሐኪም የምባለው ግን እኔ ብቻ ነበርኩ። አንድ ክፍል ተከራየሁ። እናቴ የተፍኪ ሽምብራ ቆልታ ትልክልኛለች፤ አከራዬ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ትኩስ ወተት ታቀምሰኛለች። ክረምቱ አልፎ ሣሩ ሲታጨድ ሜዳው ሁሉ ድርቆሽ ድርቆሽ ይሸታል። ያን ሽታ በጣም እወደው ነበር።

ኦቦ ነጋሳን ያወቅኋቸው በዚያው በአጨዳው ሰሞን ነው። ድርቆሽ ነጋዴ ናቸው፤ የፈረንጅ ላሞችም ነበሯቸው። በር ሲገቡ ጎንበስ የሚሉ፣ ትከሻቸው የሰፋ ሰው። ወገባቸውን አሟቸው በሚስታቸው በአዴ ጫልቱ ተደግፈው መጡ። አዲስ አበባ ላክኋቸው። ሲመለሱ ካንሰሩ አከርካሪያቸው ውስጥ ገብቷል ተብሏል። «ወደ ቤት ውሰዷቸው» ነው ያሏቸው። ይህች ቃል ምን ማለት እንደሆነች ያገራችን ሰው ሁሉ ያውቃል።

ከዚያ ወዲህ ሥራ ስጨርስ ወደ ቤታቸው ጎራ ማለት ጀመርኩ። ሌላ የሚሄድላቸው አልነበረም። ሕመሙ እንዲህ ነው ብሎ መንገር ይከብደኛል። የግቢው የቆርቆሮ በር ድንገት ሲዘጋ ድምፁ ብቻ ያስጮኻቸው ነበር። አንሶላ ለመቀየር ሦስት ሰው ያስፈልጋል፤ ሦስቱም እያለቀሱ ነው የሚጨርሱት። በብዙ ልመና ከአዲስ አበባ የሚጠጣ ሞርፊን አገኘሁላቸው። መጀመሪያ ትንሽ አሳረፋቸው፤ ሕመሙ ግን መድኃኒቱን እየቀደመው ሄደ።

ትልቁ ልጃቸው ግርማ ዱከም ብረታ ብረት ፋብሪካ ነው የሚሠራው። ቅዳሜ መጥቶ እሑድ ማታ ይመለሳል። የመጀመሪያ ቀን ስንገናኝ ሰላምታዬን እንኳ አልመለሰልኝም።

«አንቺ ነሽ አይድንም ያልሽው?»

«እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ትልቁ ሆስፒታልም…»

«ይኼ የምታጠጭው ነገር ሰው እንደሚገድል ጠይቄ አውቄያለሁ» አለኝ፣ ጣቱን ፊቴ ላይ ቀስሮ። «አባቴ አንድ ነገር ቢሆን፣ በእናቴ አምላክ እልሻለሁ፣ እዚህ አገር አትኖሪያትም።»

አልፈረድኩበትም። እሱ የሚያውቀው አባት በአንድ ትከሻው የድርቆሽ እስር አንስቶ መኪና ላይ የሚወረውር ነበር። አልጋ ላይ ያገኘውን ሰው ያመጣሁበት እኔ መሰልኩት።

አንድ ከሰዓት ስገባ ኦቦ ነጋሳ ሰው ሁሉ እንዲወጣ አዘዙ። አዴ ጫልቱ ብቻ ቀሩ።

«ኢንተላ ኮ፣» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው። «አምና አንዲት ላሜ ገደል ገብታ ወገቧ ተሰበረ። ሰው ከቦ ያያታል። ቢላ ይዤ የደረስኩላት እኔ ነኝ። ማንም ኃጢአት ነው አላለኝም።»

ወዴት እንደሚሄዱ ገባኝ። 

«ያ ጠርሙስ አለሽ አይደል? ሁሉንም ስጪኝ።»

«ኦቦ ነጋሳ፣ አልችልም።»

«ይበቃል አይበቃም ነው የጠየቅኩሽ።»

ይበቃ ነበር። ጠርሙሱን ለራሳቸው ትቼላቸው ብወጣ እንኳ ይበቃ ነበር። እጄ ቦርሳዬ ላይ ነው፤ የጠርሙሱን ክዳን በጨርቁ ውስጥ እየዳሰስኩ ነበር። አዴ ጫልቱ አላዩኝም፤ መሬት መሬት ያያሉ። ያን ጊዜ በውስጤ ያለፈውን ሁሉ ለይቼ ልናገር ብል አልችልም። የማልኩት መሐላ ነበረ፣ ወህኒ ቤት ነበረ፣ የግርማ ጣት ነበረ፣ ልጅ ሆኜ ሰበታ ያስቀደስኩበት ቤተ ክርስቲያን ነበረ። ደግሞ ከዚህ ሁሉ ጋር፣ ይህ ሰው እውነቱን ነው የሚል ድምፅም ነበረ። የትኛው እንደያዘኝ አላውቅም። ብቻ፣ «ሕመሙን አጠፋልዎታለሁ፤ እርስዎን ግን አላጠፋም» አልኳቸው።

ኦቦ ነጋሳ ቀና ብለው አዩኝ። «ፈሪ ነሽ» አሉኝ፣ ቀስ ብለው፣ እንደ ስም። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

አዴ ጫልቱ እስከ ውጭ በር ተከተሉኝ። መዝጊያውን ይዘው አላሳልፍ አሉኝ። ጎረቤቶች ድርቆሽ እየጫኑ ያዩናል።

«ግደይልኝ» አሉኝ። «እኔ ነኝ የምለምንሽ። ኩነኔውን እኔ እቀበላለሁ፤ ለዋቃ እኔ እመልሳለሁ። አርባ ዓመት አብሬው ኖሬ አንድ ቀን ሲጮኽ አልሰማሁትም። አሁን እንደ ሕፃን ይጮኻል። ግደይልኝ።»

እንቢ አልኩ። መዝጊያውን ለቀቁት። ከዚያን ቀን በኋላ ግቡ ብለውኝ አያውቁም፤ እኔ ግን ገባሁ።

የጤና ጣቢያው ኃላፊ ጠርቶ፣ «እዚያ ቤት መሄድ አቁሚ» አለኝ። «ሰውየው መሞቱ አይቀርም። ሲሞት እዚያ መገኘት የለብሽም።» ምክሩ ብልህ ነበር። አልሰማሁትም። አዲስ አበባ አስተማሪዬ የነበሩትን ሐኪም አማክሬ መጠኑን ደረጃ በደረጃ ጨመርኩ። አንድ ቀን ደጁ ላይ ስደርስ ከውስጥ የወንድ ሳቅ ሰማሁ። ኦቦ ነጋሳ ናቸው፤ እርጎ እየጠጡ ከጎረቤት ጋር ስለ ድርቆሽ ዋጋ ይቀልዳሉ። ሕመሙ ለቋቸዋል! ደስታዬን መሸሸግ አቅቶኝ ገባሁ። ሲያዩኝ ሳቁ ቆመ። አፋቸውን ከፍተው መድኃኒቱን ከእጄ ተቀበሉ፣ ዋጡ፣ ወደ ግድግዳቸው ዞሩ። ጎረቤቱ አፍሮ ወጣ።

እንዲህ ሆነን ሰነበትን። ከእኔ በቀር ከሰው ሁሉ ጋር ያወራሉ። እየመነመኑ፣ እያንቀላፉ፣ አንዳንዴ ላሞቻቸውን በስም እየጠሩ። አንድ ዓርብ እኩለ ቀን ላይ መድኃኒታቸውን አጠጥቼ ወጣሁ። ከሰዓት በኋላ በእንቅልፋቸው ውስጥ ዐረፉ።

ለቅሶ ልደርስ ድንኳኑ ውስጥ ገና እግሬን ሳስገባ ግርማ ዘሎ ተነሣ። «ገዳይ! በጠርሙስ ይዘሽው የመጣሽውን ጨርሰሽ አሁን ልታለቅሽለት ነው?» ሰው ያዘው። ማንም ግን ለእኔ ቁጭ በይ አላለኝም። ነጠላዬን አዘቅዝቄ እንደለበስኩ በመጣሁበት ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ጥላቻ ያላየ ሰው አያውቀውም። ትንንሽ ነው። ዳቦ ልገዛ ስገባ ባለሱቁ «አልቋል» ይለኛል፤ ዳቦው ከጀርባው መደርደሪያው ላይ ተደርድሯል። አከራዬ ወተቱን አቆመች፤ ከዚያም «ወንድሜ ሊመጣ ነው፣ ክፍሉን እፈልገዋለሁ» አለችኝ። አንዲት እናት ልጇን ላክመው ስል እጁን መንጭቃ ይዛው ወጣች። ጣሪያዬ ላይ ድንጋይ ይወረወራል፤ ወጥቼ ስመለከት መንገዱ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ሥራ ላይ ነው። በክብር «ዶክተር» ይሉኝ የነበሩት «ያቺ» ማለት ጀመሩ።

ነገሩ ፖሊስ ዘንድ ሳይደርስ እንጨርሰው ብለው ሽማግሌዎች ጠሩኝ። በእድሩ አዳራሽ ተሰበሰብን፤ ግማሹ ከተማ መጥቷል። ዳኛው ረጋ ያሉ አዛውንት ነበሩ።

«ልጄ፣ በአጭሩ ንገሪን። ገድለሽዋል ወይስ አልገደልሽውም?»

«አልገደልኳቸውም። ሕመማቸውን ነው ያከምኩት።»

«መልካም። ሚስቲቱ በር ላይ አቁማሽ ነበር ይባላል። ብዙ ሰው አይቷችኋል፤ እሷም ታለቅስ ነበር። ምን ተባባላችሁ?»

መልሱ እኔን ነጻ እንደሚያወጣኝ አውቃለሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። አዴ ጫልቱን አየኋቸው፤ በጥቁር ልብሳቸው በሴቶቹ መሐል ተቀምጠዋል፤ ልጃቸው አጠገባቸው ቆሟል። ያቺን ዓረፍተ ነገር ብናገር ነገ ዳቦ የሚከለከለው ማን እንደሆነ ዓይኔ አየው።

«የታማሚ ቤት ነገር አላወጣም፣ አባቴ» አልኩ።

አዳራሹ ተናወጠ። «አያችሁ! አያችሁ!» አለ ግርማ። «የምትደብቀው ባይኖራት ትናገር ነበር!» ከኋላ አንዱ «አውጧት!» ብሎ ጮኸ። ወንበር ተገፋ። ወደ በሩ ስመለከት መንገዱ በሰው ተዘግቷል። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

አዴ ጫልቱ ተነሡ። ድምፃቸው ጎላ ያለ አልነበረም፤ ግን ሐዘንተኛ ሲናገር ሰው ዝም ይላል።

«በሩን የያዝኩባት እኔ ነኝ። ግደይልኝ አልኳት። ነጋሳም ለምኗታል። ለሰው አንገቱን ደፍቶ የማያውቀው ነጋሳ፣ ይቺን ልጅ ለመናት። እንቢ አለችን።» ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «ገዳይ አትበሏት። ብትገድለውማ ኖሮ እጇን ስሜ ነበር የምሸኛት።»

«እማዬ!» አለ ግርማ።

«አንተ ቅዳሜ መጥተህ እሑድ ትሄዳለህ» አሉት። «ሰኞን አታውቃትም።»

ዳኛው ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሡና፣ «ልጅቷ በደል የለባትም» ብለው ጉባኤውን በተኑ። ስወጣ ሰው መንገድ ለቀቀልኝ። ወደ እኔ የሚያይ አልነበረም። ሁሉም የሚያየው ወደ አዴ ጫልቱ ነው። ከአጠገባቸው ያሉት ሴቶች አንድ በአንድ ሲነሡ፣ አግዳሚው ላይ ብቻቸውን ሲቀሩ አየሁ። ግርማም ሳይሰናበታቸው ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ቅዳሜ አልመጣም ሲባል ሰማሁ። «ባሏን ልታስገድል የሞከረች» ተባሉ። በማግስቱ ባለሱቁ ዳቦ ሸጠልኝ። ከፍዬ ወጣሁና ልበላው አልቻልኩም።

አዴ ጫልቱን ላመሰግን ሄድኩ። በረታቸው ውስጥ ላም እያለቡ ነበር። «አካም ጅርቱ፣ አዴ» ብዬ ሰላም አልኳቸው። ቀና አላሉም።

«ለእኔ ብለው ስንት ነገር…»

«ላንቺ አይደለም» አሉኝ፣ እጃቸው ከላሟ ጡት ሳይነሣ። «ውሸት ስለማልወድ ነው። አንቺንም አልወድሽም። ሂጂ።»

ከጥቂት ወራት በኋላ ዝውውር አግኝቼ ሱሉልታን ለቀቅሁ። የሸኘኝ አልነበረም።

ይህን ሁሉ የዚያን እሑድ ከጓዳ ተመልሼ ለልጆቹ ነገርኳቸው፤ ቅቅሉ በረደ። የእህቴ ልጅ፣ «ታዲያ ትክክል ነበርሽ?» አለኝ። እኔም አሁን ድረስ የምጠይቀው ይህንኑ ነው። ከሱሉልታ ወዲህ የለመኑኝ ሌሎችም አሉ፤ ሁሉንም እንቢ ብያለሁ፣ ሁሉንም እስከ መጨረሻው ተቀምጬ አስታምሜያለሁ። ነገም ብጠየቅ መልሴ ያው ነው። ግን ያን መልስ የሰጠሁ ሰው ሆኜ ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ ብል እዋሻለሁ። ግርማ አባቱን ይወድ ነበር፤ አዴ ጫልቱም ባላቸውን ይወዱ ነበር፤ ሁለቱም ከዚያ ፍቅር ተነሥተው ነው የጠሉኝ። አንዳቸው ክፉ ቢሆኑልኝ ኖሮ ነገሩ ይቀለኝ ነበር።

አሁን የእኔም ዕድሜ እየገፋ ነው፤ ስንት አስታመምኩ፣ የራሴን አሟሟት ግን አላውቀውም። የእኔ ቀን ክፉ ሆኖ ቢመጣና አንዱን ወጣት ሐኪም ብለምነው፣ እንቢ እንዲለኝ እፈልጋለሁ። እንደምጠላውም አውቃለሁ።