የበጋ ጎርፍ

በደርግ ዘመን የሁለተኛ ዲግሪ የምህንድስና ተማሪዎችን አማክር ነበር። ማማከር ማለት ያኔ ለእኔ ቀይ እስክሪብቶ ማለት ነው። ተማሪው ጽፎ ያመጣል፣ እኔ እሰርዛለሁ፤ የሰረዝኩት በበዛ ቁጥር ጥሩ አማካሪ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። ዶክትሬቴን የሠራሁት በአንድ የሶሻሊስት አገር ነው። እዚያ ክረምቱን ሙሉ የተከመረው በረዶ ሲቀልጥ ወንዙ ሁሉ ይሞላል። ይህን ስድስት ዓመት አይቼ መጣሁ፤ አገሬ ገብቼም ሌላ ነገር ማየት ተሳነኝ።

ከተማሪዎቼ አንዱ የዳባት ቄስ ልጅ ነበር። ሲያናግሩት ዓይኑን መሬት ላይ ይተክላል። ጥናቱ ደባርቅ አጠገብ ያለ አንድ ትንሽ ወንዝ በበጋ ለመስኖ የሚበቃ ውሃ ይኖረው እንደሆነ መለካት ነው። ቁጥር የተጻፈበት ዘንግ ወንዙ ውስጥ ተክሎ፣ ጠዋትና ማታ ከፍታውን እያነበበ ሁለት በጋ ከረመ። በሦስተኛው ዓመት ከተመረቀ የረዳት መምህርነት ቦታ ተይዞለታል፤ ካልተመረቀ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ይህን እሱም እኔም አሳምረን እናውቃለን።

መዝገቡን ሲያመጣልኝ አንድ ነገር አስደነገጠኝ። ጠብታ ዝናብ በሌለበት ሰሞን ውሃው በአንድ ቀን ከቁርጭምጭሚት ተነስቶ ወገብ ይደርሳል፤ ከሦስት ቀን በኋላ ይጎድላል። ሁለቱንም ዓመት፣ በዚያው ቀን! ጃንዋሪ አሥራ ስምንት ይላል። በፈረንጅ ቀን እንዲጽፍ ያዘዝኩት እኔ ነኝ፤ ሳይንስ በሐበሻ አቆጣጠር አይሆንም ብዬ። ከጎኑ ባለው የማስታወሻ ዓምድ ተማሪዬ በደቃቅ ጽሕፈት «ሕዝቡ ውሃውን ስለ ገደበ» ብሏል። በቀይ ሰረዝኩና «አሉባልታ አይጻፍ» የሚል ጨመርኩበት።

ምክንያቱንማ እኔ አገኘሁለት። የራስ ደጀን በረዶ ሲቀልጥ ነዋ! «የበጋ ጎርፍ» የሚል ምዕራፍ አስጻፍኩት፤ በትምህርት ክፍሉ ስብሰባ ላይም ግኝቱን ተነተንኩ። ካድሬው ለሰፊው ሕዝብ አዲስ ውሃ ተገኘ ብሎ አስጨበጨበልኝ። ጥራዙ ለፈታኞች ከተላከ በኋላ ደግሞ የጎርፉ ፎቶግራፍ አማረኝ። የይለፍ ወረቀት አስጽፈን በሦስተኛው ዓመት፣ በዚያው ሰሞን፣ ከተማሪዬ ጋር ወደ ሰሜን ተጓዝን።

ጎንደር ለበዓሉ ሽር ጉድ ትላለች። አየሁ፤ ግን አላገናኘሁትም። የተማረ ሰው ያየውን ሁሉ አያገናኝም። ዳባትን ስናልፍ ተማሪዬ ጉሮሮውን ጠረገና «ዶክተር፣ በዚህ ሰሞን እኮ ሕዝቡ…» ሲል አቋረጥኩት። ደባርቅ እስክንገባ ድረስ ስለ በረዶ አቀላለጥ አስተማርኩት።

ወንዙ ዳር ስንደርስ አንድ ሃያ የሚሆኑ ገበሬዎች ድንጋይ እየደረደሩ፣ ሣር ከነአፈሩ እየቆረጡ ውሃውን ይገድባሉ። የእኛ ዘንግ ከተጠራቀመው ውሃ መካከል ቆሟል። አንድ ሽማግሌ ቄስ ጃንጥላ ይዘው ሥራውን ያዝዛሉ።

«አባቴ፣ ምን እየሠራችሁ ነው?» አልኳቸው።

«ጓድ ልበልዎ ወይስ ጌታዬ?» አሉ ከእግሬ እስከ ራሴ እያዩኝ። «ከተራ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል! ታቦታቱ ሊወርዱ አይደል? ለነገ ጥምቀት ውሃው መጠራቀም አለበት። ዘንግዎን ግን አልነካንም። ልጃችን አደራ ስላለን ዙሪያውን ነው የከተርነው።»

ወደ ተማሪዬ ዞርኩ። «ለምን አልነገርከኝም?»

«ጽፌው ነበር፣ ዶክተር» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

አፈርኩ። ግን ከራስ በላይ ነፋስ ነውና፣ እፍረቱ ሳይለቀኝ በስብሰባው ላይ ያገኘሁት ጭብጨባ ታወሰኝ። «ዝም በል፤ ፈታኞቹ ላይጠይቁ ይችላሉ» አልኩት።

በየካቲት፣ ተማሪዬ ጥናቱን ፈታኞቹ ፊት ባቀረበበት ቀን፣ ጠየቁ። አንድ አንጋፋ ፈታኝ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው በጣታቸው ከቆጠሩ በኋላ «ይሄ ቀን ጥር አሥር አይደለም እንዴ? ከተራን ነው ወይ ጎርፍ ያላችሁት?» አሉ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ተማሪዬ አንድ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። እኔ ወረቀት አገላብጣለሁ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ። «አማካሪዬ አጣርተህ ጻፍ ብለውኝ ነበር፤ አልሰማሁም።»

ሰብሳቢው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው!» አሉ። ሁሉም ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ዝምታዬ ብቻ አይደለም፤ ያ ሳቅ ነው።

ምዕራፉን አውጥቶ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና እንዲቀርብ ተወሰነ። የረዳት መምህርነቱ ነገር በዚያው አበቃ። ስወጣ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ይቅርታ ልጠይቀው አፌን ስከፍት እሱ ቀደመኝ።

«ዶክተር፣ ደክሞዎታል። ቦርሳዎን ልያዝልዎት» አለኝ።

ሰጠሁት።