ምልክት ያደረግኩበት ሞተሪኖ

እኔ መኪና ወዳድ ነኝ። ባለቤቴ «በሽተኛ» ነው የምትለኝ፤ አልከራከራትም። ዝናብ ሲጥል ጎረቤት የታጠበ ልብሱን ለማስገባት ይሮጣል፣ እኔ ቁልፌን ለማንሳት። ከአስኮ ወደ ቡራዩ የሚወስደውን መንገድ ይዤ፣ ከአስፋልቱ ወጥቼ፣ ጭቃ ፍለጋ እሄዳለሁ። አሮጌ የፊልድ መኪና አለችኝ፤ ቀለሟ የለቀቀ፣ ወንበሯ የተጣፈ፣ ግን ከባዱን ማርሽ አስገብተው ቀስ ብለው ከነዷት የትኛውንም ዳገት የምትወጣ። ስለ ጭቃ አንድ የማምንበት ነገር አለ። ነዳጅ መርገጥ የሚወድ ሰው ተጎትቶ ነው የሚወጣው፤ ጎማውን ትንሽ አስተንፍሶ፣ ተረጋግቶ የሚገባ ግን በራሱ ይወጣል። ይህን እስክማር ድረስ ስንት ጊዜ በትራክተር እንደተጎተትኩ ባልናገር ይሻለኛል።

ይህን ፍቅር ያቆዩልኝ አስኮ ውስጥ ጋራዥ ያላቸው አንድ አዛውንት ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። ሞተር የሚመረምሩት የረጅም ካቻቢቴን ጫፍ የሞተሩ ብረት ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ነው። የዛሬ መካኒኮች ኮምፒውተር ይሰካሉ። እሱንም አልጠላውም፤ ብቻ የኔ መኪና የሚሰካበት ቀዳዳ የላትም። ጋሼ ሲናደዱ በጉራጊኛ ያጉረመርማሉ፣ ሲደሰቱ ዝም ይላሉ። የቀየሩትን አሮጌ ዕቃ ሁልጊዜ በፌስታል አድርገው ለባለመኪናው ያስረክባሉ፤ በእርግጥ ስለመቀየሩ ማረጋገጫ እንዲሆን። እኒህን ሰው ስላገኘሁ ፈጣሪን አመሰግናለሁ።

ባለመኪናውም በበኩሉ የራሱ ልማድ አለው። መኪናውን ጋራዥ ከማስገባቱ በፊት ባትሪው፣ ዲናሞውና ሞተሪኖው ላይ ምልክት ያደርጋል፤ እንዳይለወጥበት። አንዱ በሚስማር ይጭራል፣ ሌላው በስልኩ ፎቶ ያነሳል። እኔ የባለቤቴን ቀይ የጥፍር ቀለም ነበር የምጠቀመው። ጋሼን ጠርጥሬ ሳይሆን እንዲሁ ልማድ ሆኖብኝ ነው እያልኩ ራሴን አሳምኜ ነበር።

ባለፈው ክረምት ሞተሪኖው እምቢ አለ። ሞተሩን የሚያስነሳው እሱ ስለሆነ መኪናዋ ካልተገፋች አልነሳ አለች። እንደ ልማዴ ቀለሜን ቀባብቼ ጋሼ ጋ አስገፍቼ ወሰድኳት። አንድ ነገር ግን አልነገርኳቸውም። ከወር በፊት ሞተሪኖውን ግቢዬ ውስጥ ራሴ ፈትቼው ነበር። ኤሌክትሪክ የምታስተላልፈው ካርቦን የምትባል ትንሽ ጥቁር ቁራጭ ሽቦዋ ተበጥሶ ስላገኘሁት፣ በመብራት ሽቦ ቋጥሬ፣ በፕላስተር ጠቅልዬ መልሼ ገጠምኳት። በአደባባይ የሚነገር ሥራ አልነበረም።

ከሁለት ቀን በኋላ ልወስዳት ስሄድ መኪናዋ በአንድ ንክኪ ተነሳች። ጋሼ «ካርቦኑ አልቆ ነበር፣ ቀይሬዋለሁ» ብለው ፌስታሉን ሰጡኝ። ግቢው ውስጥ ሁለት ሦስት ባለመኪኖች ተራ ይጠብቃሉ፤ አንዲት ሴት ደግሞ ሚኒባሷን ለመጀመሪያ ጊዜ ይዛ መጥታ ቁልፏን ልታስረክባቸው ቆማለች። ኮፈኑን ከፈትኩ። ባትሪው ላይ ቀዩ አለ፣ ዲናሞው ላይም አለ። ሞተሪኖው ላይ ግን የለም።

«ጋሼ፣ ይሄ የኔ ሞተሪኖ አይደለም!» አልኩ። ድምፄ ካሰብኩት በላይ ጮኸ።

«ያንተው ነው።»

«ምልክቴስ? ቀይ ቀለም ነበረበት እኮ!»

ወደ ሞተሪኖው ጎንበስ ብለው አዩት። «በቲነር አጥቤዋለሁ፤ ለቆ ይሆናል።»

«ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው!»

ይህችን ንግግሬን ዛሬም ሳስታውሳት ፊቴ ይግላል። ሴትየዋ ቁልፏን ወደ ቦርሳዋ መለሰችና «ነገ እመጣለሁ» ብላ ወጣች። እንደማትመጣ ሁላችንም አውቀናል። ጋሼ አላጉረመረሙም። ፌስታሉን በአገጫቸው ጠቆም አድርገው «ቤትህ ስትደርስ እየው» ብቻ አሉኝ።

ቤት እስክደርስ ማን ይታገሣል? ሳንሱሲ ሰፈር እንኳ ሳልደርስ ዳር ይዤ ፌስታሉን ፈታሁት። የመብራት ሽቦ፣ ጥቁር ፕላስተር፣ የራሴ ቋጠሮ። እንዲህ አድርጎ የሚቋጥር ሌላ ሰው በዚህ ከተማ የለም። ኮፈኑን ዳግም ከፍቼ ጎንበስ ስል፣ ሞተሪኖው ብሎን ሥር ቲነሩ ያልደረሰበት ቀይ ቀለም ታየኝ፤ ሞተሪኖው የኔው ነው። አንጀቴን የበላው ግን ቀጥሎ የመጣልኝ ሐሳብ ነበር። ጋሼ ፌስታሉን እዚያው፣ ሰው ሁሉ እያየ ገልብጠው አፌን ማስያዝ ይችሉ ነበር። እኔ ሰው ፊት እንዳላፍር ብለው፣ ዕድሜ ልካቸውን በእጃቸው የሠሩትን ስም አስነኩ።

መኪናዬን አዞርኩ። ስመለስ ሚኒባሷ ከጋራዡ ወረድ ብሎ ባለው ፌርማታ አጠገብ ቆማለች፤ ሴትየዋ በስልክ ሌላ ጋራዥ እያጠያየቀች ነው። ወርጄ ሽቦውን አሳየኋት።

«እህቴ፣ ሰውየው ንጹህ ናቸው። ይሄ የኔ ሥራ ነው፤ ከዚያው ሞተሪኖ ነው የወጣው።»

አገላብጣ አየችው። «ይሄን ሠርተህ ነው ሰው ሌባ የምትለው?»

«አዎ» አልኩ፤ ምን ልበል? ራሷን እየነቀነቀች ሚኒባሷን አስነስታ ተከተለችኝ።

ተራ ጠባቂዎቹ እዚያው ነበሩ። በሁሉም ፊት ሽቦውን ከፍ አድርጌ ይዤ፣ ራሴ እንደቋጠርኩት፣ እንደደበቅኩት፣ ጋሼንም በሐሰት እንደወነጀልኩ ተናገርኩ። «ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው።

ጋሼ እጃቸውን በጨርቅ ረዘም ላለ ጊዜ ጠረጉ። «እንዲህ ያለ ሽቦ የሞላበትን ሞተሪኖ ደግሞ ማን ይሰርቀዋል?» አሉ። ግቢው በሳቅ ተሞላ። እኔም ሳቅኩ፣ እንባዬም መጣ። ሴትየዋ ቁልፏን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

ይቅር ብዬሃለሁ አላሉኝም። ከመደርደሪያው አንድ አሮጌ ሞተሪኖ አውርደው ፈቱት፣ ካርቦኑን አወጡ፣ መበየጃውን ሰክተው እስኪግል ጠበቁ። ከዚያ በተቀመጡባት ዱካ ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ።

«ና ተቀመጥ። መፍታትህን እንደሆነ አትተውም፤ መግጠሙን በወጉ ተማረው።»

መበየጃውን አስያዙኝ። እጄንም በእጃቸው ደግፈው ያዙልኝ።