የሂልካ ማይነስ

ሂልካ ላሂካይኔንን ነገረኛ ናት የሚል ሰው ካለ ይምጣ፣ እኔ ማርኬታ እዚሁ አለሁለት። ነገር ከአፏ ቢወጣ አይደል! አብሯት የዋለ ሰው ጠዋት አንድ ሰላምታ፣ ማታ አንድ ስንብት ካገኘ ተመስገን ይበል። ዝምተኛ ናት፣ አዎ። ግትር ናት፣ እሱም እውነት ነው። ነገረኛ ግን የት አባቱ!

እኔ ሳሎ ከተማ ባለችው ትንሽ መሥሪያ ቤታችን ዕቃ ገዢ ነኝ። ሬዚስተሩም፣ ዳዮዱም፣ ባትሪ ድንጋዩም በእኔ እጅ ነው የሚያልፈው። እንዴት እንደሚሠራ ግን አትጠይቁኝ፤ እሱን ሂልካን ነው። ትልቁ የስልክ ፋብሪካ ተዘግቶ ግማሹ የከተማው ሰው ሻንጣውን ሲያነሳ፣ እሷ ዕድሜዋን ሙሉ የተቀመጠችበትን ወንበር ከጨረታ ገዝታ፣ ብስክሌቷ ጀርባ ላይ አስራ ወደ እኛ መጣች። አለቃችን ኦስሞ አሮጌ የወተት ማቀነባበሪያ ተከራይቶ ነበር። እዚያ የምንሠራው ከነፍስ አድን ጃኬት ላይ የሚታሰር ትንሽ ዕቃ ነው፤ ሰው ባሕር ውስጥ ሲወድቅ የት እንዳለ በሬዲዮ ይጮህለታል። ወረዳውን፣ ማለቴ ውስጡ ያለውን የኤሌክትሪክ ንድፍ በሙሉ በኮምፒውተር የሳለችው ሂልካ ናት።

አንድ የምንስቅባት አመል አላት። ሬዚስተር፣ ያ ከረንት የሚቀንሰው ትንሽ ዕቃ፣ ፊትና ኋላ የለውም፤ ቢያገላብጡት ያው ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ግን አለው። ሶፍትዌሩ ንድፉን እውነተኛ ዕቃ አስመስሎ ያስኬደውና በየሽቦው ስንት ከረንት እንደሚያልፍ ቁጥሩን እዚያው ሥዕሉ ላይ ይጽፋል። ሬዚስተሩ ሲሳል ተገልብጦ ከተቀመጠ ቁጥሩ ማይነስ ይዞ ብቅ ይላል። የዚህ ሙያ ሰዎች ይህን ስለለመዱ ማይነስ ሲያዩ ደንታም አይሰጣቸውም። «ተገልብጦ ነው» ብለው ያልፋሉ። ሂልካ ግን ከረንቱ በሚመጣበት በኩል ራሱን፣ በሚሄድበት በኩል እግሩን አድርጋ ነው እያንዳንዱን ሬዚስተር የምታስቀምጠው።

«ሂልካ፣ ትራሱን አመቻቸሽለት? ብርድ ልብስስ?» ይላታል ፔርቱ። ከአጠገቧ የሚቀመጥ ንድፍ ሠሪ ነው፤ ጎበዝ ልጅ ነው፣ ምላሱ ነው እንጂ አላርፍ ያለው።

«አዎ» ትለውና ሥራዋን ትቀጥላለች።

ባለፈው መጸው ጉድ ፈላ። የሸጥናቸው ዕቃዎች ተመልሰው መምጣት ጀመሩ። ቁም ሳጥን ውስጥ ለዓመታት መቆየት የነበረበት ባትሪ ድንጋይ አንድ ክረምት ሳይሞላው ሞቶ ይገኛል። ዋናዋ ገዢያችን ራውኒ ናት፤ የበጎ ፈቃድ ባሕር አዳኞችን ጀልባ የምትነዳ፣ ቀልድ የማታውቅ ሴት። ስልክ ደውላ «ረቡዕ እመጣለሁ። ለምን እንደሚሞት ካልነገራችሁኝ ከሌላ ቦታ እገዛለሁ። ሰው ውሃ ውስጥ ሆኖ ሬዲዮው ዝም ቢልስ?» አለች። ምን ትባላለች? እውነቷን ነው።

ኦስሞ ሂልካን ጠራት። እስከ ረቡዕ መልስ ካልተገኘ ተሠርቶ ያለቀ ወረዳ ከውጭ እንደሚገዛ ነገራት።

«አንቺ ደግሞ የአጠቃቀም መመሪያውን ትጽፊያለሽ።»

«ከዚያ በኋላ መሳል የለም?»

«የለም፣ ሂልካ። ይቅርታ።»

«እሺ» ብላ ወደዚያችው ወንበሯ ተመለሰች። እኔ ነኝ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ያለቀስኩላት። ከመሳል ሌላ ምን አላት ይህች ሴት?

ፔርቱ ወረዳውን ሲተኛ፣ ማለትም ሥራ ፈትቶ ቁም ሳጥን ውስጥ ሲቀመጥ፣ አስመስሎ ደጋግሞ አስኪዶት ምንም እንከን አላገኘበትም ነበር። ዕቃው ሲተኛ ውስጡ ያለው ትንሽ ሰዓት ብቻ ነቅቶ ይቀራል፣ ሬዲዮው ከድንጋዩ ይቆረጣል፤ ስለዚህ እሱ ሬዲዮውን ከንድፉ አውጥቶ ነው ያስኬደው። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው፣ ኮምፒውተሩ ይፈጥናል። «ተኝቷል፣ ምን ይበላል?» አለ። ሰኞ ዕለት ሂልካ የተኛውን ሬዲዮ ወደ ቦታው መለሰችና የከረንቱን ቁጥሮች አበራች። የዳዮድ ፓኬት ላቀብላት ሄጄ አጠገቧ ቆሜ ነበር። ሥዕሉ ቁጥር በቁጥር ሆነ። ጣቷን አንዱ ላይ አሳረፈች።

«ይህ» አለች።

ፔርቱ በወንበሩ እየተንከባለለ መጣ። «ማይነስ ነው። ሬዚስተሩን ገልብጠሽዋል።»

«እኔ አልገለብጥም።»

«ሰው ነሽ እኮ፣ አንዳንዴ...»

«አልገለብጥም አልኩህ።»

ፔርቱ ማውሱን ወስዶ ሬዚስተሩን አዞረው፣ እንደገና አስኬደው፤ ማይነሱ ጠፋ። «ይኸው ዳነ! ሐኪሙ እኔ ነኝ» ብሎ ተንከተከተ። ሂልካ መልሳ አዞረችው። ማይነሱም ተመለሰ።

«ይህ ሽቦ ከሬዲዮው ወደ ሰዓቱ መልእክት የሚወስድ ነው» አለች። «ሬዲዮው ተኝቷል። ታዲያ ማን ነው ወደ ማን የሚልከው?»

ፔርቱ ሳቁን ዋጠ። ግን በጄ አይልም፤ «ቁጥሩ ደግሞ ኢምንት ነው፣ የሶፍትዌሩ ስህተት ይሆናል» ብሎ ምሳውን ሊበላ ሄደ።

ማክሰኞ ከተመለሱት ዕቃዎች አንዱን ከፍታ፣ ከረንት እንዳያልፍበት የዚያን ሬዚስተር አንድ እግር በመበየጃዋ አነሳችና ዕቃውን የከረንት መለኪያ ላይ አሰረችው።

«እህስ?» አልኳት።

«እናያለን።»

«ሥራሽ እኮ ነው የሚሄደው፣ አንቺ ሴትዮ!»

«አውቃለሁ።»

በዚህች ሴት ዝምታ አንድ ቀን እፈነዳለሁ።

ረቡዕ ጠዋት የኬክ ካርቶን ይዛ ገባች። እኛ ዘንድ ኬክ የሚያመጣው ባለጉዳዩ ራሱ ነው፤ የሚለቅ ሰው የስንብቱን ኬክ በገዛ እጁ ይዞ ይመጣል።

«ሂልካ፣ ልትለቂ ነው እንዴ?»

«ፍሪጅ ውስጥ ክተቺልኝ። እንዳትከፍቺው።»

ኦስሞ ካርቶኑን አየና ፊቱን አዞረ።

ራውኒ የጎማ ቦቲዋን እንዳጠለቀች መጥታ ተቀመጠች። ኦስሞ ጉሮሮውን ጠርጎ «እንግዲህ ራውኒ፣ ከውጭ አዲስ ወረዳ...» ሲል ሂልካ ብድግ አለች። ስብሰባ ላይ ስትቆም አይቼ አላውቅም። ሥዕሏን ከነቁጥሮቹ ግድግዳው ላይ አበራችው። አበራችውና ዝም!

«ሂልካ፣ ራውኒ የባሕር ሰው ናት፤ ይህ ለእሷ...» ማለት ጀመረ ኦስሞ።

«ቆይ እስቲ» አለች ራውኒ፣ ወደ ግድግዳው እያየች። «ቁጥሮቹ የሚያልፈው ከረንት ናቸው?»

«አዎ።»

«ታዲያ ይህ ብቻ ለምን ማይነስ አለው?»

ፔርቱ እስከ ጆሮው ቀላ።

«ወደ ኋላ ስለሚሄድ ነው» አለች ሂልካ። «ሬዲዮው በዋናው መስመር ተቆርጧል። የነቃው ሰዓት ግን በዚህ ሽቦ በጓሮ በር ያበላዋል። ድንጋዩን የሚገድለው ይህ ነው።»

መለኪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። የሬዚስተሩ እግር የተነሳበት ዕቃ ከድንጋዩ የሚበላው፣ ስንሸጠው ይበላል ብለን ቃል የገባነውን ያህል ብቻ ሆኗል። የሰዓቱ መስመር ከሬዲዮው ጋር አብሮ እንዲጠፋ አንድ ሽቦ ማዛወር ይበቃል፣ አለችን። በዕድሜዋ እንደዚያ ቀን ብዙ የተናገረች አይመስለኝም።

«ማን ነው ይህን የሚስልላችሁ?» አለች ራውኒ።

ኦስሞ ከፊቱ የነበረውን የውጭውን ሻጭ ወረቀት አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። «ሂልካ ናት» አለ። «እዚህ ቤት የምትስለው ሂልካ ናት። ወደፊትም።»

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ! እዚህ አገር ስብሰባ ላይ አይጨበጨብም፤ እኔ ግን አጨበጨብኩ። «እሰይ! እሰይ የኔ ሂልካ!» አልኩ። ራውኒ እንኳን ፈገግ አለች።

«ኬኩን አምጪው» አለችኝ ሂልካ።

ከፈትኩት። ነጭ ክሬም፣ መሐሉ ላይ በእንጆሪ የተሠራ አንድ መስመር። ማይነስ! ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ፔርቱ ተነስቶ ሳህኑን በሁለት እጁ ያዘና ቀስ አድርጎ ወደ ኋላ አዞረው።

«ተገልብጦ ይሆናል ብዬ ነው» አለ።

ሁላችንም አየነው። ያው ማይነስ ነው።

ሂልካ ሳቀች፤ ድምፅ አውጥታ፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ። ቢላውን አነሳችና የመጀመሪያውን ቁራሽ ለእሱ ቆረጠችለት።

«አልገለብጥም አልኩህ እኮ» አለችው።